ውሃ ያልነካው ማልያ

ወንድሜ ልብስ ሰፊ ነው። የሚሰፋው የሴት ልብስ ነው፤ ጉርድ፣ ሸሚዝ፣ ካፖርት፣ አልፎ አልፎም የሙሽራ ቀሚስ። ስፌቱ ንጹህ ነው ይባልለታል፣ እውነትም ነው። ሚስቱ ካረፈች ወዲህ ቤቱን የምይዝለት እኔ ነኝ፤ ቀን ቀን ደግሞ ሱቁ ጥግ ተቀምጬ እዘመዝማለሁ፣ ቁልፍ እሰፋለሁ። ታላቅ እህቱ ስለሆንኩ እትዬ ይለኛል።

ጥሩ ጥሩውን ብቻ ብጽፍለት ደስ ባለኝ፤ ብዙ ጥሩ ነገር አለውና። መርፌ ሲሰበርበት አይሳደብም። ደንበኛ ወፍራ ስትመጣ "ጨርቁ ነው እንጂ የተኮማተረው አንቺ ምንም አልሆንሽ" ብሎ ጎኑን ፈትቶ ያሰፋላታል። ይህን ሁሉ አውቃለሁ። ግን ያለፈው ዓመት የማልያው ዓመት ነበር፤ ያንን ማልያ ባሰብኩት ቁጥር ዛሬም እጄ ወደ አፍንጫዬ ይሄዳል።

ወንድሜ የቀዮቹ ደጋፊ ነው። ቀዮቹ ለመጨረሻ ጊዜ ዋንጫ ሲያነሱ ልጁ ጥርስ እያወጣች ነበር፤ ዛሬ እሷ ራሷ ባለትዳር ናት። ከሱቃችን ግድግዳ ጋር በተለጠፈች ጠባብ ኪዮስክ ውስጥ የሚሠራው ሰዓት ሠሪ ደግሞ የአረንጓዴዎቹ ደጋፊ ነው፤ እነሱ ጭራሽ አንስተው አያውቁም። ሁለቱ ቡድኖች ከሠንጠረዡ ግርጌ ተቃቅፈው ይኖራሉ። ሥራ ቀዝቀዝ ሲል ሰዓት ሠሪው አጉሊ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ይመጣና የመተኮሻው ጠረጴዛ ላይ ይደገፋል። ከዚያ ግምቱ ይጀመራል፤ ቀድሞ የሚቀናው የማን ቡድን ነው?

"የእናንተ በረኛ እኮ" ይላል ሰዓት ሠሪው፣ "ጉንፋን ይይዘዋል እንጂ እሱ ምንም አይዝም።"

"የእናንተስ አጥቂ? ጎል ፊት ሲደርስ አማቱን ያየ ይመስል አንገቱን ይደፋል።"

"ቆይ፣ ለከርሞ ታየዋለህ።"

"የከርሞ ጥጃ! ዘንድሮም ለከርሞ፣ ከርሞም ለከርሞ!"

እስከዚህ ድረስ ቢሆን እኔም እየሳቅሁ እዘመዝም ነበር።

የውድድሩ ዓመት ሲጀመር ወንድሜ አዲስ ቀይ ማልያ ለብሶ መጣ፤ ሰዓት ሠሪውም አረንጓዴ ለብሷል። ወንድሜ ደረቱን መታ አደረገና "ይሄ ማልያ ቡድኔ ሳይቀናው ውሃ አይነካውም" አለ።

"የኔም አይነካውም!"

"ለመኝታ ካልሆነ ከላያችን አይወርድም!"

"አይወርድም!"

ቡድኑ ቀድሞ የቀናለት ሰው ማልያውን አጥቦ፣ ንጹህ ሆኖ ሊመጣ፤ የቀረው ደግሞ ከነእድፉ ተቀምጦ ሊሳቅበት ተስማሙ። ቀናው ማለት ምን ማለት ነው በሚለው ላይ ግን ግማሽ ቀን ተከራከሩ። ወንድሜ ዋንጫ ነው አለ። ሰዓት ሠሪው "ዋንጫ ካልንማ ማልያው ላያችን ላይ ሣር ያበቅላል" አለ። በመጨረሻ ሦስት ጨዋታ በተከታታይ ያሸነፈ ቡድን ቀናው ይባላል ብለው እጅ ተመታቱ።

"ሽቶ ግን ይፈቀዳል?" ብዬ ቀስ ብዬ ጠየቅሁ።

"ሽቶ ማጭበርበር ነው፣ እትዬ" አለኝ ወንድሜ፣ ከልቡ።

ይቅርታ አድርጉልኝና ያየሁትን ልናገር። መጀመሪያ ብብቱ ሥር ቢጫ ክብ ወጣ። ክቡ እየሰፋ ሲሄድ የላቡ ጨው ዙሪያውን በጠመኔ የተሰመረ ይመስል ነጭ ጠርዝ አበጀለት። አንገትጌው ጠቆረ፤ ከዚያ እንደ አሮጌ ቦርሳ ቆዳ ማብለጭለጭ ጀመረ። ምሳ በበላ ቁጥር ጣቶቹን ሆዱ ላይ ስለሚጠርግ ዘይቱ ደርቆ ጨርቁን ካርቶን አደረገው። የክር ብናኝና የካፖርት ጸጉር እየተጣበቀበት ደረቱ ጺም ያወጣ መሰለ። ማታ አውልቆ ምስማር ላይ ሲሰቅለው እንደ ልብስ አይተጣጠፍም፤ ትከሻውን ነፍቶ፣ ሰው ውስጡ ያለ ይመስል ቆሞ ያድራል። እኔ መብራት ሳጠፋ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞር ነበር።

ከሁሉ የከፋው ካውያው ነው። ካፖርት ላይ እርጥብ ጨርቅ ጣል አድርጎ ሲተኩስ እንፋሎቱ ሽቅብ ወጥቶ ማልያው ውስጥ ይገባል። ሲመለስ የከረመ ወተትና የእርጥብ ውሻ ሽታ ይዞ ይመለሳል። እኔ መስኮቱን እከፍታለሁ፤ እሱ "ብርድ ገባ" ብሎ ይዘጋዋል። መርፌዬን ይዤ፣ አፍንጫዬን ወደ ጨርቁ ቀብሬ እቀመጥ ነበር።

ደግሞ ሥራው ሰው መጠጋት ይፈልጋል። የደረት ልክ የሚወስድ ልብስ ሰፊ ሜትሩን በሴትየዋ ጀርባ አዙሮ ማምጣት አለበት፤ ያኔ ብብቱ አፍንጫዋ ሥር ይሆናል። ሴቶቹ ጨዋ ናቸው፣ ምንም አይሉም። አየር ስበው ትንፋሻቸውን ይይዛሉ። ትንፋሽ ሲያዝ ደረት ይነፋል፤ እሱ ያንን የተነፋ ደረት ለክቶ ይጽፋል። ከዚያ የሚወጣው ሸሚዝ ሁሉ ደረቱ ላይ ሰፊ ሆነ። አንዷ አስተማሪ የመጀመሪያ ሸሚዟን ስትሞክር ከፊት ለፊት እንደ ከረጢት ተንጠለጠለባት። መልሳ አመጣችው። ሌላዋም አመጣች።

"ዘንድሮ ሴቱ ሁሉ ምን ሆኖ ነው?" አለኝ ወንድሜ። "ልክ ስወስድ ሞልተው፣ ሲለብሱ ጎድለው!"

ሜትሩን ተጠራጥሮ አዲስ ገዛ። እኔ ምክንያቱን አውቀው ነበር፤ ግን አንድን የተከበረ ሰው፣ ያውም ወንድሜን፣ "ሸተሃቸው ነው" ማለት ከአፌ አልወጣ አለኝ። የሸሚዞቹን ጎን ብቻ አጠበብኩ።

በዚህ መካከል ልጁ ወለደች። ሴት ናት፤ ቀኗ ሳይደርስ ስለመጣች እፍኝ የማትሞላ፣ ጣቶቿ ክር የሚያካክሉ። ወንድሜ ዜናውን ሲሰማ መኪናውን በስፌት መካከል አቁሞ አለቀሰ። ሕፃኗን ተሸክሞ መንደሩን ሁሉ ሊያዞር እንደነበር ሁላችንም እናውቃለን፤ ልጁ ከተዳረች ጀምሮ ሌላ ወሬ አልነበረውማ። ተያይዘን ሄድን። ልጁ በሩ ላይ ስትቀበለን ቀድሞ የደረሳት ሽታው ነው፤ እጇን አፍንጫዋ ላይ አደረገች።

"አባዬ፣ በጣም ነው የምወድህ" አለችው። "ግን ይሄን ለብሰህ አትነካትም። ሐኪሙም ንጽሕና ብሏል።"

"እጄን ታጥቤያለሁ እኮ።"

"እጅህን አላልኩህም።"

"ቃል ነው ልጄ። ቀዮቹ ሦስት ይርቱ እንጂ ያን ቀን—"

"ቀዮቹ ሦስት እስኪረቱማ እሷም ትወልዳለች።"

ከደፍ ላይ ሆኖ በሩቁ አያት። ከጥቅልሉ ውስጥ የምትታየው አፍንጫዋ ብቻ ነበረች። በማግስቱ ከለስላሳ ጥጥ ቁራጭ ትንሽዬ ቀሚስ ሲሰፋ ዋለ፤ ስፌቱ ቆዳዋን እንዳይነካት ወደ ውጭ ገልብጦ። ቀሚሷን እኔ ደጋግሜ በሳሙና አሽቼ፣ ፀሐይ አስመትቼ ነው ያደረስኩላት። ልጁ ተቀብላ መጀመሪያ አሸተተችው፤ ከዚያ ነው "እግዜር ይስጠው በዪልኝ" ያለችኝ።

እንግዲህ እኔም ያለ ዕድሜዬ የኳስ ደጋፊ ሆንኩ። የቀዮቹን ጨዋታ መርፌዬን ይዤ በራዲዮ አዳምጣለሁ። አንድ ያሸንፋሉ፣ አንድ ይሸነፋሉ። ሁለት አሸንፈው ሦስተኛው ላይ እኩል ሲወጡ፣ ስቶ የማያውቀው ጣቴ መርፌ ገባበት።

አንድ ቀን የሰዓት ሠሪው ሚስት አትክልት መሸጫው ጋ አገኘችኝ። ስለ ኑሮ ስናወራ ስለ ማልያው አነሳሁላት፤ እንዴት እንደቻለችው ልጠይቃት። ሳቀች።

"የኔውማ ሁለት ነው ያለው፣ እትዬ። አንዱን ሲለብስ አንዱን አጥባለሁ። ጅል መሰለሽ?"

ሰዓት ሠሪው ለምን እንደማይሸት ስንጠይቀው "አረንጓዴ እድፍ ይችላል" ሲለን ኖሯል! ያ ሁሉ የደረት ምት፣ ያ ሁሉ "አይወርድም"! አንዱ ሸተተኝ፣ ሌላው አስጠላኝ፤ ከሁለቱ የቱ እንደሚብስ መለየት አቃተኝ። ግን ደስታም ነበረኝ። ውሉ ፈርሷል፣ ወንድሜ ነጻ ወጣ ብዬ አትክልቱን ረስቼ ሱቅ ሮጥኩ፤ የምሮጥ ሰው አይደለሁም።

ሁሉንም ነገርኩት። መቀሱን አስቀመጠ። ይቆጣል ብዬ ስጠብቅ ጭኑን በጥፊ መታ።

"ገባኝ!" አለ። "ገባኝ እትዬ! ለካ አረንጓዴዎቹ የማይቀናቸው ለዚህ ነው! ማልያው እየታጠበባቸው!"

"እና አንተስ?" አልኩት።

"እኔማ ይኸው አለሁ። ቀዮቹ ከእኔ ሌላ ማን አላቸው?"

ወንበሬ ላይ ተመልሼ ተቀመጥኩ። የሚጠብበውን ሸሚዝ አነሳሁ።

ዓመቱ ሊያልቅ ሲል ቀዮቹ አንድ አሸነፉ። ደገሙ። ሦስተኛው ከሰዓት በኋላ ነበር። ራዲዮው ስፌት መኪናው ላይ፣ ሰዓት ሠሪው ጠረጴዛው ላይ፣ ወንድሜ መሬት ላይ ተንበርክኮ። ባዶ ለባዶ እያለ ሊያልቅ ሲል የተጋጣሚው ተከላካይ ኳሱን መትቶ የራሱ መረብ ውስጥ ከተተው።

"ይሄ ደግሞ ማሸነፍ ነው?" ጮኸ ሰዓት ሠሪው።

"ውጤት ነው! መዝገቡ ማን አገባ አይልም!"

"ጠላትህ ባይረዳህ የት ትደርስ ነበር?"

"ቀናን! አንተ አጭበርባሪ፣ ቀናን!" ብሎ ወንድሜ አንገቱ ላይ ተጠመጠመበት። ሰዓት ሠሪው ፊቱን ወደ ጣሪያው አዙሮ ትንፋሹን ሲይዝ አየሁት።

እኔ ቤት ሄጄ ውሃ ጣድኩ። ሳሙናውን፣ ብሩሹን፣ ሰፊውን ሳፋ አወጣሁ። እጠብቃለሁ፣ አይመጣም። ገባኝ፤ በቀጥታ ልጁ ጋ ሄዷል። እሳቱን አጥፍቼ ተከተልኩ።

ደጃፏ ላይ ሁለት እጁን ዘርግቶ ቆሞ ደረስኩበት። "ቀናቸው! አምጫት! አምጫት እንጂ!" ልጁ ከደስታዋ የተነሳ እንባ አቅርራለች።

"እንኳን ደስ ያለህ አባዬ። በል ና ገላህን ታጠብ፣ ውሃ አለ። ማልያውን ስጠኝ፣ እኔው ራሴ ነኝ የማጥበው።"

የተዘረጉት እጆቹ ተመልሰው ማልያውን ደረቱ ላይ ጨምድደው ያዙት።

"አሁን?"

"አዎና። ሦስት ካሸነፉ አላልክም እንዴ?"

"ያኔ የተናገርኩት ሳይገባኝ ነው።" ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ሸሸ። "እስቲ አስቢው ልጄ። ሰዓት ሠሪው አጠበ፤ ምን አተረፈ? ይኸው ግርጌ ላይ ነው። እኔ አላጠብኩም፤ ሦስት አሸነፍን። በዚህ ከቀጠልን ለከርሞ ዋንጫው የማን ነው?"

"አባዬ፣ ልጅቷ እኮ ናት። የልጅ ልጅህ።"

እኔ በሰው ነገር ገብቼ አላውቅም፤ ያን ቀን ግን ገባሁ። "ሕፃኗን አትፈልጋትም?" አልኩት።

"እፈልጋታለሁ እንጂ እትዬ! እንዴት አልፈልጋትም?" ዓይኑ እርጥብ ነበር፤ እየዋሸኝ አልነበረም። "ግን እሷ የትም አትሄድም። ዋንጫው ነው የሚሄደው።"

ልጁ እኔን በክንዴ ይዛ አስገባችኝና በሩን ዘጋች፤ ሳታጋጭ፣ ቀስ አድርጋ። እስከ ክርኔ ድረስ በሳሙና ታጠብኩ። ሕፃኗን ተቀብዬ ተቀመጥኩ። የአያቷን ቀሚስ ለብሳለች፤ ክንዷ ሥር ጠቧታል፣ አድጋለች። ወተትና አዲስ ጥጥ ትሸታለች።

ወንድሜ አልሄደም። ዞሮ በመስኮቱ በኩል መጥቶ ግንባሩንና አፍንጫውን መስታወቱ ላይ ለጥፎ ያያታል፤ በጣቱ መስታወቱን ኳ ኳ እያደረገ ምላሱን ያወጣላታል፣ ዓይኑን ያንከባልልላታል። ሕፃኗ ወደ መብራቱ እንጂ ወደ እሱ አላየችም። ቆይቶ በራዲዮ የስፖርት ዜና የሚጀምርበት ሰዓት ሲደርስ እጁን አውለብልቦልን ሄደ። የግንባሩ ቅባትና የትንፋሹ ጭጋግ መስታወቱ ላይ ክብ ሆኖ ቀረ። ልጁ ጨርቅ በሳሙና ውሃ ነክራ ወጣችና ፊቷን አዙራ ጠረገችው።