ጋሼ በረኛው አልሞቱም
የትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ በወጣትነታቸው ስመ ጥር የእግር ኳስ በረኛ ስለነበሩ እስከ ዛሬ ሁሉም «ጋሼ በረኛው» ይላቸዋል። አንድ ቀን ታዲያ ማንም እንደ ልቡ የሚጽፍበት የኢንተርኔት መዝገበ ዕውቀት እሳቸውን «አርፈዋል» ብሎ ቁጭ! ርዕሰ መምህሯ ደንግጠው፣ «ከእንግዲህ ተማሪ ከዚህ ገጽ እንዳይቀዳ!» ብለው ከለከሉ።

ጋሼ ራሳቸው ገብተው «አልሞቱም» ብለው አረሙት። ወዲያው አንድ የማያውቁት ሰው «ማስረጃ የለውም» ብሎ ሰረዘባቸው። ቤት ገብተው ይህን ሲያወሩ ባለቤታቸው፣ «ታዲያ ሌሊቱን ሙሉ ሲያንኮራፋ የሚያድረው ማነው?» ብለው በሳቅ ፈረሱ።

በማግስቱ ርዕሰ መምህሯ ጋዜጠኛ ጠሩላቸው። ቃለ መጠይቃቸው በጋዜጣ ሲወጣ ገጹም ታረመ። ክልከላው ግን አልተነሳም፤ ጋሼም አልከፋቸውም። ልጆቹ ስለዚያ ዘመን ጨዋታ ማወቅ ሲፈልጉ አሁን መጥተው የሚጠይቁት እሳቸውኑ ነው።