ሰው የገደሉት የሲቪክ አስጠኚዬ

አባቴ የሞተው በወሰን ምክንያት ነው። ከቁይ ከተማ ወጣ ብላ ባለችው መንደራችን፣ የእኛንና የጎረቤታችንን ማሳ የሚለየው ክንድ የማይሞላ የሣር ድንበር ነበር። ጎረቤታችን በየዓመቱ ሲያርስ ከድንበሩ ትንሽ ትንሽ ይቆርሳል፤ አባቴም በየዓመቱ ይቆጣል። በዚያ ክረምት ግን ነገሩ በቁጣ አላበቃም። ምሳ ይዤ ስደርስ አባቴ በግንባሩ ተደፍቷል፤ ከማጅራቱ የወጣው ደም በትልሙ ውስጥ ይወርዳል። በሬዎቹ እንደተጠመዱ ቆመዋል። ጎረቤታችን ፋስ እንደያዘ ከእኔ ሃያ እርምጃ ያህል ይርቃል። ዓይን ለዓይን ተያየን። ከዚያ ፊቱን አዙሮ ወደ ወንዙ ወረደ።

አሥረኛ ክፍል ነበርኩ። ፍርድ ቤት ለምስክርነት ስቀርብ ዳኛው፣ «ሲመታው አይተሻል?» ብለው ጠየቁኝ።

«አላየሁም። ስደርስ ወድቆ ነበር። ፋስ ይዞ ግን አይቼዋለሁ» አልኩ።

ጎረቤታችን፣ «ፋሱን ያገኘሁት ከሬሳው አጠገብ ወድቆ ነው» አለ። በዚያ ቀን በዙሪያው ሲያርሱ የዋሉ አራት ሰዎች ተጠርተው ነበር። አራቱም ምንም አላየንም አሉ። አንደኛው የአባቴን አስከሬን ተሸክሞ የቀበረ ሰው ነው። ጎረቤታችን በማስረጃ እጦት በነጻ ተለቀቀ።

ወንድሜ በአራት ዓመት ይበልጠኛል። ከፍርድ ቤቱ ስንወጣ፣ «አየሁ ብትይ ምን ነበረበት?» አለኝ። እናታችን ደግሞ ከዚያ ቀን ጀምሮ ለወንድሜ እህል ባቀረበች ቁጥር፣ «ብላ እንጂ፤ የአባትህ ገዳይም እየበላ ነው» ትለው ነበር። እሱ ሊጎርስ ያነሳውን መልሶ ሳህኑ ላይ ያስቀምጠዋል።

አጎቶቻችን መከሩ። ይህ ልጅ ሰው ገድሎ ዘር ሳያስጨርስ ከአገር ይራቅ አሉ። እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ደብረ ማርቆስ እንድማር፣ እሱም እኔን ሊጠብቅ በሚል ምክንያት አብሮኝ እንዲሄድ ተወሰነ። በአንዲት ባሏ የሞተባት ሴት ግቢ አንድ ክፍል ተከራየን። ወንድሜ ስምንተኛ ክፍል ላይ ትምህርቱን አቋርጦ ስለነበር፣ ሕንፃ የሚሠራበት ቦታ ድንጋይና ሲሚንቶ መሸከም ጀመረ።

እኔን ያስቸገረኝ ሲቪክ ነው። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ነው፤ መምህራችንም በዓመቱ አጋማሽ ሥራውን ለቆ አዲስ አበባ ገባ። የፈተና ወረቀቴ ሲመለስ ከግማሽ በታች አምጥቻለሁ። ማትሪክ ላይ እንዲህ ከሆነ አለቀልኝ ብዬ አስጠኚ መፈለግ ያዝኩ።

የመጀመሪያው አስጠኚ በቅርቡ የተመረቀ ወጣት ነበር። አምስት ሆነን ቅዳሜ ቅዳሜ ቤቱ እንማራለን። በሦስተኛው ቅዳሜ ሌሎቹን አሰናብቶ እኔን፣ «አንቺ ትንሽ ቆዪ፤ ደካማ ስለሆንሽ ልደግምልሽ» አለኝ። አጠገቤ ተቀምጦ እጁን ጭኔ ላይ አኖረ። መጽሐፌን ጥዬ ወጣሁ። ለአከራያችን እያለቀስኩ ስነግራት ወንድሜ ከግድግዳው ማዶ ሆኖ ሰማኝ።

በማግስቱ ከቤቱ ደጃፍ ጠበቀው። እኔ ልከለክለው ተከትዬ ሮጥኩ፤ ስደርስ ግን በቴስታ ብሎታል። የተሰበረው ጥርስ ድምፅ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ። ልጁ ከወደቀ በኋላም ወንድሜ ሆዱን ይረግጠው ነበር። እየረገጠ የሚጠራው የጎረቤታችንን ስም ነው። ሦስት ሰዎች ጎትተው አላቀቁት።

ልጁ ጥፋቱን ስለሚያውቅ፣ የሰፈር ሽማግሌዎችም ስለገቡበት፣ ነገሩ ፖሊስ ሳይደርስ ተዳፈነ። ወሬው ግን ከተማውን ዞረ። ከዚያ በኋላ ያናገርኳቸው ሁሉ ጊዜ የለንም አሉኝ። አንዱ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ብቻ እውነቱን ነገረኝ፤ «እኔ ጥርሴን እወደዋለሁ» አለ።

አከራያችን፣ «አንድ ሰው ቀርቷል» አለችኝ። «ሕገ መንግሥቱን እንደ ዳዊት ይደግሙታል። ድሮ መምህር ነበሩ። ግን ሰው ገድለዋል።»

ከእህል ወፍጮ ቤት ጀርባ ካለች አንዲት ክፍል ነው የሚኖሩት። ወፍጮው ሲነሳ ግድግዳው ይንቀጠቀጣል። ቀጭን ናቸው፤ ሃምሳ ዓመት አልፏቸዋል። በሩን ፊት ለፊት እያዩ፣ ጀርባቸውን ግድግዳ አስደግፈው ተቀምጠው ነበር። እኔ ገብቼ፣ ወንድሜ በሩ ላይ ቆሞ ሰላም ስንል በርጩማ ጠቆሙን።

«ከሌላ ሰው ከምትሰሙ ከእኔ ስሙ» አሉ። «ወንድሜን የገደለውን ሰው ገድያለሁ። አሥራ አምስት ዓመት ታስሬ ወጥቻለሁ። ወኅኒ ቤት ውስጥም አስተምር ነበር። ይህን ሰምታችሁ ከቆያችሁ መጽሐፉን አውጪ።»

አወጣሁ። እሳቸው ግን ወዲያው አስዘጉኝ። «መጀመሪያ በአማርኛ ይግባሽ። እንግሊዝኛው ይደርሳል። ሰው ለምን ለሕግ ይገዛል?»

«እንዳይቀጣ» አልኩ።

«ማንም የማይይዘው ቢሆንስ?»

በሩ ላይ የቆመው ወንድሜ፣ «ያኔማ ማን ይገዛል?» አለ።

ቀና ብለው አዩት። «አንተም ግባና ተቀመጥ» አሉት።

እንዲህ ተጀመረ። በሳምንት ሦስት ቀን እንሄዳለን። ስለ ክፍያ ስንጠይቃቸው ወንድሜ እንጨት እንዲፈልጥላቸው ብቻ ነው የፈለጉት። ግቢው ውስጥ የባሕር ዛፍ ግንድ ተከምሮ ነበር፤ እሱ ውጭ ሲፈልጥ እኛ ውስጥ የሥልጣን ክፍፍልን፣ የሰብአዊ መብትን፣ የዳኝነት ነጻነትን እንማራለን። ያስተማሩኝ አይረሳም። አንዱን ምዕራፍ ሦስት ጊዜ በአማርኛ ካስወሩኝ በኋላ እንግሊዝኛውን ሳነበው የማውቀው ሰው ፊት ይመስለኝ ነበር።

አንድ ቀን ወንድሜ ላቡን እየጠረገ ገባና ድንገት ጠየቃቸው።

«ሲገድሉት ምን ተሰማዎ?»

«እጄ እንኳን አልተንቀጠቀጠም።»

«ታዲያ አልረኩም?»

«ሁለት ቀን ረክቼ ነበር» አሉ። «እናቴ እልል አለች። እኔም ሳቅሁ። በሦስተኛው ቀን ወንድሜ መቃብር ላይ ሄድኩ፤ አፈሩ እንደነበረ ነው። የገደልኩት ሰው ያኔ የአራት ዓመት ልጅ ነበረው። አሁን ትልቅ ሰው ሆኗል። በሩን እያየሁ የምቀመጠው እሱ የመጣ ቀን ፊቱን ላየው ነው።»

ወንድሜ ተመልሶ ወጥቶ መፍለጡን ቀጠለ፤ ያን ቀን ግን ከወትሮው በሚበልጥ ጉልበት ነበር የሚመታው፤ ፍላጩ እስከ በሩ ድረስ እየተወረወረ ይመጣል።

ፈተናው ሦስት ሳምንት ሲቀረው፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ትምህርት ላይ ነበርን። ውጭ የወንድሜ ስልክ ጮኸ። ከመንደራችን የመጣ ሰው ነበር የደወለው፤ «ባለደማችሁ በሬ ሊሸጥ መጥቶ ከብት ተራ ቆሟል» ነው ያለው። ያንን ያወቅሁት በኋላ ነው። እኔ ከስልኩ ጩኸት ሌላ ልብ ያልኩት ነገር አልነበረም። መምህሩ ግን በአንድ ቃል መሐል ንግግራቸውን አቋረጡ።

«መፍለጡን ተወ» አሉ።

ስንወጣ ግንዱ አለ፤ ወንድሜና መፍለጫው የሉም። ባጃጅ ይዘን ከብት ተራ ደረስን። የሰው ጩኸት ከሩቅ ይሰማል። በሬዎች ገመዳቸውን በጥሰው ይሮጣሉ። በመሐል የጎረቤታችን ግራ ክንድ ከክርኑ በላይ ተከፍቶ አጥንቱ ነጭ ሆኖ ይታያል። በሬው ሥር ወድቆ በቀኝ እጁ አፈር እየቧጠጠ ወደ ኋላ ይሳባል። ወንድሜ መፍለጫውን ለሁለተኛ ጊዜ ከራሱ በላይ አንስቷል።

ከዚያ ሁሉ ሕዝብ የተጠጋ አልነበረም። መምህሩ ብቻ ገቡ። ከኋላው ወገቡን አቅፈው አሽከረከሩት። ወንድሜ ማን እንደያዘው ሳያይ መፍለጫውን ወደ ኋላ ሰነዘረ፤ በማይቆርጠው በኩል ትከሻቸው ላይ አረፈ። አጥንቱ ሲሰበር ሰማሁ። እሳቸው ግን አልለቀቁትም። ሁለቱም ወደቁ፤ ወድቀውም ያቀፉት እጆች አልተፈቱም። ወንድሜ አንገቱን ጠምዝዞ ጆሯቸውን ነከሳቸው፤ ደግሞም፣ «ይልቀቁኝ! አንድ ጊዜ ብቻ!» ይል ነበር። ፖሊስ እስኪመጣ እንደዚያ ቆዩ። እኔ አጠገባቸው ቆሜ የማንን ስም መጥራት እንዳለብኝ አላወቅሁም።

ጎረቤታችን ተረፈ፤ ክንዱ ግን ተቆረጠ። ወንድሜ ታሰረ።

እናቴ ከመንደር መጥታ በቀጥታ ሆስፒታል ሄደች። መምህሩ ትከሻቸው በጄሶ ታስሮ፣ ጆሯቸው ተሰፍቶ ተኝተው ነበር። እናቴ ከአልጋቸው ሥር ተንበረከከች።

«አባቴ፣ እርስዎም ደም ያውቃሉ» አለቻቸው። «ስደርስ ወድቆ ነበር፣ ማን እንደመታው አላየሁም ይበሉልኝ። ሌላ ምንም አልጠይቅዎም።»

«እሜቴ፣ ይነሱ። አይቻለሁ» አሉ።

«አላየሁም ቢሉ ምንዎ ይጎዳል? የእኔን ባል ሲገድሉት አራት ሰው አላየንም ብሏል።»

«ለዚህም ነው ልጅዎ እዚህ የደረሰው» አሉ፤ ድምፃቸው በጣም ዝቅ ያለ ነበር።

እናቴ ተነስታ ፊታቸው ላይ ተፋችባቸው። እኔ በር ላይ ቆሜ ነበር። ሄጄ አልጠረግሁላቸውም። ያን ሰዓት እኔም ጠልቻቸው ነበር።

ማትሪክ ተፈተንኩ። ሲቪክ ላይ አንድም ጥያቄ አልከበደኝም። የዳኝነት ነጻነት የሚል ጥያቄ ሳነብ የወፍጮው ድምፅ ይሰማኝ ነበር፤ መልሱን አክብቤ ወረቀቱ ላይ አለቀስኩ። በክረምቱ ችሎት ከዚያ ሁሉ የገበያ ሰው መጥቶ የመሰከረ ጥቂት ነው፤ ከመጡትም ያዩትን ሳይቀንሱ የተናገሩት መምህሩ ብቻ ናቸው። መፍለጫው የማን እንደሆነ፣ ስንት ጊዜ እንደተነሳ፣ ማን ላይ እንዳረፈ ተናገሩ። መጨረሻ ላይ፣ «አባቱ ሲገደል ፍትሕ አላገኘም፤ ይህም ይመዝገብልኝ» አሉ። ወንድሜ ስድስት ዓመት ተፈረደበት። ታላቅ አጎቴ ከችሎቱ ሲወጣ፣ «ያ ሰውዬ ባይይዘው ኖሮ ዛሬ የምንሰማው ሌላ ፍርድ ነበር» አለ።

በዓመቱ ሽማግሌዎች ደም ለማድረቅ ሁለቱን ቤተሰብ በመንደራችን ቤተ ክርስቲያን ቅጥር አገናኙ። ሽማግሌዎቹ እውነቱ ካልወጣ እርቅ የለም ብለው ነበር። ጎረቤታችን ባዶ እጅጌውን ጉያው ሥር ሸጉጦ ቆሞ፣ «እኔ ነኝ የገደልኩት» አለ። እናቴ፣ «ባሌ ምን አለህ?» ብላ ጠየቀችው።

«ምንም አላለኝም። ጀርባውን ሰጥቶ ያርስ ነበር፤ አላየኝም።»

እናቴ ራሷን ነቀነቀችና ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ከዚያ የሽማግሌዎቹን መሐላ ተቀበለች።

እኔ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ጂኦግራፊ ተመደብኩ። በመጀመሪያው ዕረፍት ደብረ ማርቆስ ስደርስ ወደ ወፍጮ ቤቱ ሄድኩ። መንገድ ላይ የምለውን ሁሉ አዘጋጅቼ ነበር፤ ስገባ ግን ሁሉም ጠፋኝ። ግራ ትከሻቸው ወደ ታች ወርዷል። በርጩማውን በቀኝ እጃቸው ሳቡልኝ።

«ወንድሜ ደህና ነው» አልኩ።

«አውቃለሁ። በየወሩ እጠይቀዋለሁ።»

ወንድሜ ይህን አንድም ቀን ነግሮኝ አያውቅም። «ምን ትጫወታላችሁ?» አልኳቸው።

«እሱ አያናግረኝም። የያዝኩለትን ይቀበልና ይመለሳል። እኔም እመለሳለሁ።»

«ታዲያ ለምን ይሄዳሉ?»

«እኔን አሥራ አምስት ዓመት የጠየቀኝ አልነበረም» አሉ።

በዚያው እሑድ አብረን ሄድን። ወንድሜ ከሽቦው ወዲያ ብቅ ሲል ሁለታችንን አንድ ላይ አይቶ ቆመ፤ ፊቱ ተለዋወጠ፤ ሳይጠጋ ተመለሰ። እኔ አዘንኩ፤ መምህሩ ግን ዳቦውን ለጠባቂው ሰጥተው ዝም ብለው መንገድ ጀመሩ። በሚቀጥለው ሳምንት፣ ወደ ትምህርቴ ልመለስ አንድ ቀን ሲቀረኝ፣ ደግመን ሄድን። ዝናብ ነበር። ወንድሜ መጥቶ ሽቦውን ያዘ። እኔን ስለ እናታችን፣ ስለ ትምህርቴ ጠየቀኝ። እሳቸውን አላያቸውም። የጥየቃው ሰዓት አልቆ ጠባቂው ሲጠራው ሁለት እርምጃ ሄደና ዞረ።

«ትከሻዎን ያምዎታል?» አላቸው።

«ሲበርድ» አሉት።

ራሱን ነቀነቀና ገባ።