የንግሥቴ የጉልበት መድኃኒት

ንግሥቴን በጉልበት መድኃኒቷ የማያውቃት ሽማግሌ በመካነ ሰላም ዙሪያ አልነበረም፤ ካለም ገና ጉልበቱን አላመመውም ማለት ነው። ከከተማው ግማሽ ቀን በሚያስኬድ ዳገታማ መንደር ትኖር ነበር። እርጅና መገጣጠሚያውን የበላው ሁሉ፣ ከተቀመጠበት “ወይኔ እናቴ!” ብሎ የሚነሳው ሁሉ ወደሷ ነው። እሷም የወቀጠችውን ቅጠል ከተልባ ጋር ታሞቅና ጉልበቱ ላይ ታስርለታለች። “ያረጀ ጉልበት አይታደስም፤ ይኼ ግን ቤተ ክርስቲያን ያደርስሃል” ትላለች። እውነቷን ነው፣ ያደርስ ነበር።

የምን ቅጠል እንደሆነ ግን ከሷ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። አባቷ ሊሞት ሲል በጆሮዋ ነግሯት፣ “ለአንድ ልጅሽ ብቻ! ስሙን ሰው ፊት ከጠራሽው ኃይሉ ጥሎት ይሄዳል” ብሎ አስምሏታል። ስለዚህ ቅጠል ልትለቅም ስትል ሰው እያያት ወደ ገደሉ ትወርዳለች፤ ከዚያ ዞራ ዞራ ተመልሳ ከገዛ ጓሮዋ አጥር ሥር ትቀጥፋለች። ሳማ ነበረ! ያ ሰውን የሚለበልበው ሳማ። የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል አይደል የሚባለው፤ ሳማ መሆኑን ቢያውቁ ማን ደጇን ይረግጥ ነበር?

በስልሳ ስድስት ዓ.ም. ራቡ ጠና። አንድ ልጇ ሞላ ሥራ ፍለጋ ሁመራ ወርዶ ወሬው ጠፋ። መንደሩ እህል ሲያልቅበት ወደ ቅጠል ዞረና ሳማ እየቀቀለ ይበላ ጀመር። ይገርማል እኮ! መድኃኒቱን በየቤቱ ቀቅሎ ይበላና መድኃኒት ፍለጋ ንግሥቴ ደጅ ይመጣል። የሷ ጓሮ ሳማ ደግሞ በሕመምተኛው ብዛት ቀድሞ አለቀ።

አንድ ማክሰኞ ከመካነ ሰላም ወሬ መጣ። የእርዳታ ስንዴ በመኪና ገብቷል፣ ዓርብ ይታደላል። ነገር ግን በሞተ ሰው ስም የሚቀበለው ስለበዛ፣ እያንዳንዱ ራሱ መጥቶ ካልታየ አይሰጠውም። ጉልበት ያለው ሁሉ ከመንደሩ ተሰዷል፤ የቀሩት ንግሥቴን ጨምሮ ሃያ ሦስት አዛውንት ናቸው። የሚጫኑበት አህያ እንኳ አልተረፈም።

“አፍ ዳገት አይፈራም፣ ኑ ይላሉ!” አለ ጎረቤቷ አያ ክንፈ። ጉልበቶቹ እንደ ቅል አብጠዋል። “እኔ እንኳን መካነ ሰላም፣ ጓሮ መውጣትም አቅቶኛል። ንግሥቴ፣ ያቺን ነገርሽን አምጪያት።”

“አልቋል።”

“ታዲያ ከየት እንደሚመጣ ንገሪንና ሰው እንላክ።”

ንግሥቴ ወደ ቤቷ ገባች። ሳማው በየሰዉ አጥር ሥር ትንሽ ትንሽ ቀርቷል፤ ስሙን ሳትጠራ ግን እንዴት አድርጋ ትለምነዋለች? ብትጠራው የአባቷን መሐላ ማፍረሷ ነው፣ የሞላንም ውርስ መበተኗ ነው። ይባስ ብሎ ኃይሉ ከሸሸ ሰዎቹ ከመንገድ ሊቀሩ ነው። ልቧ ለሁለት ተከፈለ። ያን ቀን ከቤቷ ሳትወጣ ዋለች።

ረቡዕ ጠዋት ሰዉን ከቤተ ክርስቲያኑ ወይራ ሥር ሰበሰበችው። ከአያ ክንፈ አጥር የቀጠፈችውን በነጠላዋ ጠቅልላ ከፍ አድርጋ ያዘች።

“ሳማ ነው” አለች። “ይኼው ነው። ሌላ ምንም አይደለም።”

ሰባት ዓመት ሙሉ ስትታከም የኖረችው ወርቂቱ፣ “ኧረ በስማም! ትናንት ራት የበላሁትን?” ስትል ሳቅ ፈነዳ። “ስታታልይን ኖረሻል!” ብሎ የተቆጣም ነበር። ንግሥቴ እንባዋ መጣ፣ ግን ካለችበት አልተነቃነቀችም።

“ለመውቀጥ ጊዜ የለንም። በእርጥቡ ጉልበታችሁን ምቱት። ማቃጠሉ ሲበርድ ተልባ ያለው በትኩስ ተልባ፣ የሌለው በሞቀ ጨርቅ ይሰረው።”

ቀድሞ ሱሪውን የሰበሰበው በሰው ተደግፎ የመጣው አያ ክንፈ ነው። “እሳት ነው፣ እሳት! አቦ፣ ገደልሽኝ!” እያለ ሲጮህ ያ የተራበ ሕዝብ እየተንከተከተ ሳቀ። ከሰዓት በኋላ ምርኩዙን ይዞ ተነሳና የቤተ ክርስቲያኑን አጥር ዞረ። ደግሞ ዞረ። ኃይሉ አልሸሸም! ንግሥቴ መሬት ስማ አለቀሰች። በዓመቱ ብርሀንነሽ የምትባል የዘመቻ ተማሪ፣ “እማማ፣ በቅጠሉ ውስጥ እብጠት የሚያበርድ ነገር ሳይኖር አይቀርም፣ ቢመረመር ጥሩ ነው” ብላ በደብተሯ ስትጽፍ፣ ንግሥቴ ስሙን የነገረቻት ድምፅዋን እንኳ ዝቅ ሳታደርግ ነው።

ንግሥቴ ረቡዕና ሐሙስን ከቤት ቤት እየዞረች ስትቀጥፍና ስታስር ሰነበተች። ዓርብ ጠዋት ሰዉ ለመንገድ ሲሰበሰብ ግን ንግሥቴ የለችም። ወርቂቱ ልትጠራት ብትሄድ መደብ ላይ ተቀምጣ አገኘቻት፤ ጉልበቷ ከሁሉም ብሶ አብጧል።

“እናንተ ሂዱ፣ እኔን ተዉኝ” አለች ንግሥቴ።

“አንቺንም ያምሽ ኖሯል? እስከ ዛሬ ማን ነበር የሚያክምሽ?”

“ማን ያክመኛል? ምስጢር አይደል እንዴ? ራሴው ነበርኩ። አሁን ግን ለኔ የሚሆን አላስቀረሁም።”

ወርቂቱ ወጥታ ተጣራች። አንዱን ብትጠራ ሁሉም ተመለሱ፤ ከየአጥራቸው የተረፈችውን ሁለት ሦስት ቅጠል ይዘው ገቡ። ወርቂቱ፣ “አብሽሪ እህቴ” አለችና ጉልበቷን መታ መታ አደረገችላት። አያ ክንፈ ከደጅ ሆኖ፣ “ጠበቅ አድርጊላት! ለኔ መቼ አዘነችልኝ!” ይላል። ንግሥቴ ጮኸች፣ ሳቀች፣ አለቀሰች። በዕድሜዋ የሌላ ሰው እጅ ጉልበቷን ሲያክማት ይህ የመጀመሪያዋ ነበር።

ፀሐይ ሞቅ ሲል ተነሱ። ማንም አልቀደማትም፤ በሷ እርምጃ ሄዱ። መካነ ሰላም የደረሱት መጋዘኑ ሊዘጋ ሲል ነው። መዝጋቢው ቀና ብሎ አያቸውና፣ “ሁሉም ሽማግሌ! ማን ደግፎ አመጣችሁ?” አለ። ሃያ ሁለቱም ዘወር ብለው ንግሥቴን አዩ። እሷ ጎንበስ ብላ የስልቻዋን አፍ እየፈታች ነበር።