ቄስ ወልደ አማኑኤል ከመቅደስ የራቁበት ዓመት

በሞላሌ አጠገብ ባለች አንዲት የገጠር ደብር ሃያ ሁለት ዓመት የቀደሱት ቄስ ወልደ አማኑኤል፣ በ1975 ዓ.ም. መስከረም ወደ መቅደስ መግባት አቆሙ። ምክንያቱን ለማንም አልተናገሩም። የሰሞን ተራቸው ሲደርስ ለባልንጀራቸው ይለቃሉ፤ እሑድ እሑድም ከምእመናኑ ጋር በቅኔ ማኅሌቱ ይቆማሉ።

ባለትዳር ካህን መቅደሱን በድንገት ሲርቅ የአገሩ ሰው የሚያስበው አንድ ነገር ነው፤ ሌላ ሴት ደርሶ ክህነቱ ፈርሷል ይላል። ጎረቤታቸው ተገኘ በገብስ አጨዳ መካከል፣ «መምሬ፣ ዘንድሮ ከመቅደሱ ይልቅ ደጁ ሞቀዎት መሰል!» ብሎ አጫጁን ሁሉ አሳቀባቸው።

እውነቱ ግን ሌላ ነበር። ሽንታቸው ደም እየያዘ መውረድ ጀምሮ ነበር። ደም የሚፈሰው ካህን መቅደስ እንደማይገባ ሥርዓቱን ያውቃሉና ራሳቸውን አገለሉ፤ ሕመሙም ከኀፍረት ስፍራ ስለ ሆነ ከመናገር መታማትን መረጡ። በሐምሌ መግቢያ፣ በገበያ ቀን መርፌ ወደሚወጋ አንድ ድሬሰር በስውር ቢሄዱ፣ ጨብጥ ነው ብሎ ፔኒሲሊን ወጋቸው። ወሬው ከገበያተኛው ጋር መንደር ገባ።

ባለቤታቸው አልጣሽም ሰማች። በአራተኛው ቀን ጠዋት ከፊታቸው ቆመች።

«ማን ናት?»

«ማን?»

«መርፌ ያስወጋችዎ ናታ! ስሟን ይንገሩኝና በስሟ ልስደባት።»

ቄሱ ከጓሮ አንድ ጣሳ አምጥተው ከፊቷ አኖሩ። ሽንት ነበረበት፤ ደም የቀላቀለ፣ ከሥሩም ነጭ ነገር የረጋበት። አልጣሽ ነጩን በስንጥር ብታነሣው እንደ ክር ተሳበ።

«ይኼ የተልባ ውኃ ነው የሚመስለው» አለች። «ስንት ጊዜ ሆነዎ?»

«አሥር ወር።»

«አሥር ወር! እኔ እዚህ በሌለች ሴት ስቃጠል!»

በዚያው ሳምንት ከገበሬ ማኅበሩ የይለፍ ደብዳቤ አስጻፈች። የሐምሌ ጭቃ አውቶቡሱን ሁለት ጊዜ ቢይዘውም አዲስ አበባ አደረሰቻቸው።

በአንድ ሆስፒታል የቀዶ ሕክምና ሐኪም የሆነው ዶክተር ወሰኔ ሲጠይቃቸው፣ ቄሱ «ደም አለ» ብቻ አሉ።

«ተልባውንስ አይነግሩትም?» አለች አልጣሽ።

ሐኪሙ መጻፉን አቆመ። «ምን ተልባ?»

ያየችውን ነገረችው። አስተኝቷቸው ከእምብርታቸው በታች ሲጫን ጠንካራ እብጠት በእጁ ገባ። በማግስቱ ብርሃን ያለው ቀጭን መሣሪያ በሽንት መውጫቸው አስገብቶ ፊኛውን ተመለከተ። እብጠቱ ከፊኛው ጣሪያ ላይ ነበር። ቁራጭ ወስዶ ወደ ምርመራ ላከ፤ የሚያሰጋውንም አልደበቃቸውም።

«ነቀርሳ ይመስለኛል፣ አባቴ። የተለመደው ዓይነት ሆኖ ሥር ከሰደደ ፊኛው በሙሉ ይወጣል። ሽንትዎ በሆድዎ ላይ በሚከፈት ቀዳዳ ወደ ከረጢት ይፈስሳል።»

«ሁልጊዜ?»

«ሁልጊዜ።»

«እንግዲያው መቅደስ የለም። አትቁረጠኝ፤ እንዲሁ ልሂድ።»

«የሚቀድስ ሌላ ቄስ አለ» አለች አልጣሽ። «እኔ ግን ሌላ ባል የለኝም። ዝም ብለው ይተኙ!»

ውጤቱ እስኪመጣ አሥራ ሰባት ቀን ፈጀ። ቄሱ በየቀኑ ዳዊት ደገሙ። ሐኪሙ በዚህ መካከል በሽታው ከአንጀት የመጣ እንዳይሆን አንጀታቸውን መርምሮ ንጹሕ ሆኖ አገኘው። በመጨረሻም ወረቀቱን ይዞ ከአልጋቸው አጠገብ ተቀመጠ።

«ሰው በእናቱ ማኅፀን ሳለ ከፊኛው ወደ እምብርቱ የሚሄድ ቀጭን ቧንቧ አለው። በኋላ ይደፈንና ጅማት ሆኖ ይቀራል። የእርስዎ ነቀርሳ የተነሣው ከዚያ ነው፤ እንደ ተልባ የሚሳበውንም የሚያመነጨው እሱ ነው። እኔ ከዚህ በፊት ያየሁት አንድ ብቻ ነው። የፊኛውን ጣሪያ፣ ጅማቱንና እምብርትዎን አንድ ላይ አወጣለሁ። የቀረውን ፊኛ እሰፋዋለሁ፤ ሽንትዎም በመንገዱ ይሄዳል።»

«እምብርቴን?»

«ይውሰደው!» አለች አልጣሽ። «ማን ሊያየው ነው?»

ቄሱ ፈገግ ብለው ዳዊቱን አጠፉ። «እሺ፤ ቁረጠኝ» አሉ።

በነሐሴ መጀመሪያ ሆዳቸው ተቀደደ፤ ሁለት ሳምንት በቱቦ ሸኑ፤ ቱቦው ሲወጣ ሽንታቸው ጠርቶ ወረደ። ሐኪሙ በሽታው ሊመለስ እንደሚችል ነግሮ በየስድስት ወሩ እንዲታዩ አዘዘ።

በመስከረም አገራቸው ሲገቡ የደብሩ አለቃ ገብረየሱስ ነገሩን ሁሉ ሰሙ። «ቁስሉ ይድረቅ፤ ደም አለመኖሩም ይታይ» አሉ። «ሕዝቡ ግን ያማህ በአደባባይ ነውና በአደባባይ ንገረው።»

ቄስ ወልደ አማኑኤልም ከቅዳሴ በኋላ በደጀ ሰላሙ ቆመው፣ አሥር ወር ከሚስታቸው የሸሸጉትን ሕመም አንዱንም ሳያስቀሩ ተናገሩ።

«እምብርት የሌለው ሰው ይኖራል እንዴ?» አለ ተገኘ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ይኸው አለሁ» አሉት። «አንተ ግን ንስሐ ግባ።»

ሰዉ ሳቀ፤ ተገኘም ጎንበስ ብሎ መስቀላቸውን ተሳለመ።

የኅዳር ሚካኤል ዕለት ልብሰ ተክህኖ ለብሰው ወደ መቅደሱ ገቡ። አሥራ አራት ወር ያላሰሙት ዜማ መጀመሪያ ላይ ጥቂት ሻከረ፤ ሕዝቡ ተቀበላቸው፤ ቅዳሴውም ቀጠለ።