ሁለተኛው ዓይን

የያዙኝ ሰቆጣ አዳራሽ ውስጥ፣ ሥዕሎቼን ለመስቀል ምስማር እየመታሁ ሳለ ነው። ሦስት ሆነው ገቡ። አንደኛው መዶሻውን ከእጄ ተቀበለኝ፤ በትሕትና ነው የተቀበለኝ። ሌላው ትልቁን ሥዕል ትኩር ብሎ አየና «ይሄ ወፍራም ሰውዬ ማነው?» አለ።

ሥዕሉ የእርዳታ ጆንያ ላይ የተሠራ ነበር። አዲስ አበባ ተምሬ፣ ጥቂት ዓመት እዚያው ሠርቼ ወደ አገሬ ከተመለስኩ ወዲህ ሸራ ትቼ ጆንያ ላይ ነው የምስለው። ከሰቆጣ ወዲያ ያለው የአገሬ የዝቋላ ሰው ስንዴው ካለቀ በኋላ ጆንያውን ያነጥፈዋል፣ በር ይጋርድበታል፤ እኔ የዚያኑ ሰው ፊት እስልበታለሁ። በዚህኛው ሥዕል ሴቶች ስንዴ ለመቀበል ተሰልፈዋል። ከፊታቸው አንድ ሰው ጀርባውን ሰጥቷቸው ይበላል።

«ማንም አይደለም። ፊቱም አይታይ» አልኩት።

«ጀርባውን እናውቀዋለን» አለኝ።

ያስገቡኝ ድሮ የማዳበሪያ መጋዘን የነበረ ቤት ውስጥ ነው። ማዳበሪያው ከወጣ ቆይቷል፣ ሽታው ግን አልወጣም፤ ዓይን ያቃጥላል። ቀን ቀን ቆርቆሮው ይግላል። አጠገቤ የሚተኙት ከጋዝጊብላ የመጡ የቅኔ መምህር ነበሩ፤ ሁላችንም የኔታ እንላቸዋለን። እሳቸውን ያሳሰራቸው ስለዚያው ስንዴ ዓውደ ምሕረት ላይ የተናገሩት አንድ ቃል ነው።

በማግስቱ የእስር ቤቱ ኃላፊ አስጠራኝ። ሥዕሌ ላይ ያለውን ጀርባ ያን ጊዜ አወቅሁት፤ የእሱ ነው። ስለ ሥዕሉ ጠየቀኝ፤ መልሴ አላስደሰተውም። የጠረጴዛውን መሳቢያ ከፈተና የቀኝ እጄን ጣቶች ጠርዙ ላይ እንዳስቀምጥ አዘዘኝ። ከዚያ በጉልበቱ ገፍቶ ዘጋው። ዘግቶት ሲያበቃ ሻዩን አነሳና ጠጣ።

የኔታ ከጋቢያቸው ጫፍ ቀደው ጣቶቼን አሰሩልኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ለሌላ ነገር ሐሳብ አልነበረኝም። ጸሎት ሲደረስ ከንፈሬ ይንቀሳቀሳል፣ ልቤ ግን ኃላፊው ዘንድ ነው። ሻዩን ሲጠጣ ጉሮሮው እንዴት እንደተንቀሳቀሰ አስታውሳለሁ። እንዳይጠፋኝ ብዬ ፊቱን በሐሳቤ ደጋግሜ እስለው ነበር።

ቆይቶ እንደገና አስጠራኝ። ጠረጴዛው ላይ ከቤቴ ያስወሰዳቸው የገዛ ቀለሞቼ ተደርድረዋል።

«ሳለኝ» አለኝ። «ትልቅ አድርገህ። እዚህ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። ካማረ ትፈታለህ።»

«እጄ ተሰብሯል።»

«ግራህ አለ አይደል?»

አባቴ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ነበር፤ ቀለም እየበጠበጥኩለት ነው ያደግሁት። በአባቴ ሙያ ቅዱሳን በሁለት ዓይናቸው ፊት ለፊት ያዩሃል። ሰይጣንም፣ ሰማዕታትን የሚወግሩትም ግን በጎን፣ በአንድ ዓይን ይሳላሉ። በእኛ አገር ይህን ለምእመን ማስረዳት አያስፈልግም።

«የኔታ፣ በአንድ ዓይን ልስለው ነው» አልኳቸው።

«ቢያውቅብህስ?»

«አያውቅም። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ግድግዳውን ቀና ብሎ ያየ ሰው አይመስለኝም።»

«ተው ልጄ። ለእግዜር ተውለት።»

«እግዜር እስኪደርስ እኔ ልጀምርለት።»

«አንተ ክፉ!» አሉኝ። ፊታቸውን በጋቢያቸው ሲሸፍኑ ግን ትከሻቸው በሳቅ ሲንቀጠቀጥ አየሁ።

ኃላፊውን ወደ መስኮቱ አዞርኩት። በድሮ ሳንቲም ላይ ነገሥታቱ በጎን እንደሚቀረጹ፣ ግርማ ሞገስም በጎን ጎልቶ እንደሚታይ ነገርኩት፤ ደስ አለው። ግራ እጄ ለወትሮው ቀጥ ያለ መስመር አታወጣም ነበር፤ ያን ሰሞን ጥላቻዬ ደግፎ ያዛት። ኮሌታውን፣ ጆሮውን፣ የአንገቱን እጥፋት አሳምሬ ሠራሁ። ዓይኑን መጨረሻ ላይ አደረግሁት። ነጩ የበዛ፣ የፈጠጠ፣ አንድ ዓይን።

ሥዕሉ ተሰቀለ። እኔ ግን አልተፈታሁም፤ «ገና ሌላም ትስላለህ» አለኝ። ለአቤቱታ የሚገቡት ገበሬዎችና የእስረኛ እናቶች ሥዕሉን ሲያዩ ድንገት አንገታቸውን ይደፋሉ፤ እሱ ያከበሩት መሰለው። ስንቅ ያቀበለችኝ አንዲት ሴት በአጥሩ በኩል ጠጋ ብላ «ሰይጣኑን አየነው። ያች እጅህ ትባረክ» አለችኝ። ያን ሌሊት ከታሰርኩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ እንቅልፍ ወሰደኝ።

ከዚያ እናቱ ከገጠር መጡ። ግቢው ውስጥ ፀሐይ እየሞቅን ሳለ ከቢሮው ጩኸት ሰማን። ወዲያው ተጠራሁ።

ከሲታ አሮጊት ናቸው። በነጠላቸው አፋቸውን ይዘው ያለቅሳሉ፤ አገልግላቸውን ከክንዳቸው ገና አላወረዱም።

«ልጄን ከእነማን ጋር ነው የደመርከው?» አሉኝ።

ኃላፊው ብሩሽ አንስቶ ዘረጋልኝ። «ሁለተኛውን ዓይን ጨምር» አለኝ። «አሁን። እናቴ ፊት።»

የእናቱ እንባ አሳዘነኝ ብል ደስ ባለኝ፤ አላሳዘነኝም። ብሩሹን ተቀበልኩት፣ ጠረጴዛው ላይ ቀስ ብዬ አስቀመጥኩት።

«የሳልኩት ያየሁትን ነው። እኔ በቆምኩበት በኩል ሌላ ዓይን አልነበረም።»

መሳቢያውን ከፈተው። «ግራህን አምጣ» አለኝ።

እናቱ በጨርቅ የታሰረ ቀኝ እጄን አዩ። ከዚያ መሳቢያውን አዩ። በአገራችን ቋንቋ በኽምጥኛ፣ ዝግ ብለው፣ «ይሄም ያንተ ሥራ ነው?» አሉት። እሱ ዓይኑን ወደ ሥዕሉ መለሰ። ከዚያ አገልግሉን እንደያዙ፣ አንድም ነገር ሳይሰጡት፣ ወጥተው ሄዱ። እሱ በሩን እያየ ቀረ። መሳቢያው ክፍቱን ነበር።

ሥዕሉን በዚያው ቀን ግቢው ውስጥ አቃጠለው። የዘይት ቀለም ሲነድ ጭሱ ከባድ ነው፤ ሁላችንም እስክንጠግብ ሳብነው። ክረምቱ ሲወጣ ያለ አንዳች ማብራሪያ ለቀቁኝ።

ዛሬ በግራ እጄ ነው የምስለው። ሥዕሎቼ አዲስ አበባ ይታያሉ፤ አንዳንዱ ተመልካች መስመርህ ሻካራ ሆኗል ይለኛል፣ ልክ ነው። የኔታ ወደ ተማሪዎቻቸው ተመልሰዋል። ኃላፊው ወደ ሌላ ቦታ ተዛወረ፤ የጠየቀው የለም።

አምና በገበያ ቀን እናቱ ቤቴ ድረስ መጡ። ከመቀነታቸው የልጃቸውን ፎቶግራፍ ፈትተው ሰጡኝ። «በሁለት ዓይን ሳልልኝ። ቤቴ የምሰቅለው» አሉ።

ፎቶግራፉን መለስኩላቸው። «እናቴ፣ እሱ ራሱ ይምጣ። ፊት ለፊቴ ይቀመጥ። ያየሁትን እስላለሁ።»

«ይመጣል ብለህ ነው?»

«አይመስለኝም።»

«እኔም አይመስለኝ» አሉና፣ የሰጠኋቸውን ውሃ ጠጥተው ተነሱ። እስከ አስፋልቱ ሸኘኋቸው።

ሰው ሁሉ ይቅር በል ይለኛል። እኔ የሰውዬውን ሞት አልመኝም። ፊት ለፊቴ አስቀምጬ ሳልስለው እንዳያመልጠኝ፣ እግዜር ረጅም ዕድሜና ጤና እንዲሰጠው ጠዋት ጠዋት እጸልያለሁ። የኔታ ጸሎቴን ቢሰሙ ይቅር ያልኩት ይመስላቸዋል።