ከቧንቧው ያልወጣችው ቀይ ነጥብ

ከዚህ በፊት ምንም ጽፌ አላውቅም፤ የተማርኩትም እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው። ትናንት ግን ሐይቅ ከተማ ሴራሚክ የሚያነጥፍ ሠራተኛ ግድግዳው ላይ ቀይ ብርሃን ሲያበራ አየሁና ልጅ ሳለሁ አያቴ ቤት ተከራይቶ የነበረ ሰው ትዝ አለኝ።

አሥር ዓመቴ ነበር። ሰውዬው የኮከብ ማያ ነው የሚለው ወፍራም ቧንቧ ነበረው። አንድ ጠዋት ጠረጴዛ ላይ አጋደመውና ጎኑ ላይ ቀይ ብርሃን የምታወጣ ትንሽ ባትሪ ሰካ። እኔን ከኋላ ያለውን ብሎን አስያዘኝ።

"መስታወቶቹ በትክክል ካልተያዩ ኮከቡ ይደበዝዛል" አለኝ። "ቀስ አድርጊ... ትንሽ መልሺው... በቃ ተይው።"

ቀይዋ ነጥብ ትልቁ መስታወት ላይ አርፋ፣ ተመልሳ ከወጣችበት ቀዳዳ ገባች። ከቧንቧው ወደ ውጭ አልወጣችም።

የቧንቧው አፍ ግን ከቤታችን ፊት ለፊት ወዳለው ገዳም ዞሮ ነበር። አያቴ በር ላይ ቆመው ያያሉ።

"ኮከብ በጠራራ ፀሐይ ይታያል እንዴ?" አሉት።

"እያስተካከልኩት ነው፣ አባባ።"

"ምኑን? የገዳሙን ወርቅ መፈለጊያውን?" ወደ እኔ ዞሩ። "በግሸኗ ይዤሻለሁ፣ እውነቱን ንገሪኝ። መብራቱ ወዴት ነው የሚሄደው? ወደ ገዳሙ ከሆነ ዛሬውኑ ቤቴን ይለቃል።"

መሬት መሬት እያየሁ ዝም አልኩ። አያቴም ዝምታዬን እንደ "አዎ" ቆጠሩት።

ሰውዬው በቧንቧው ኮከብ ሲያይ ግን አንድም ቀን አላየሁም። ትናንትም ሠራተኛውን ስለ መብራቱ ልጠይቀው ብዬ አፈርኩ።

ያን ቀን ሰውዬው ቧንቧውን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ ባጃጅ ላይ ጫነ። ሊሄድ ሲል ወደ እኔ ጎንበስ አለና፣ "አንቺ እኮ ነጥቧ እንዳልወጣች አይተሻል" አለኝ።