ተረታችንን የምታቋርጠው ፒካፕ

ልጅ ሳለሁ፣ ጅግጅጋ ውስጥ፣ አንድ ተረት እስከ መጨረሻው ሳልሰማ አደግሁ፤ ሳስበው ዛሬም ያንገበግበኛል። ተረቱን የሚነግሩን ጎረቤታችን አዴር ዩሱፍ ነበሩ። «አዴር» በሶማሊኛ አጎት ማለት ነው፤ እኛ ከመሃል አገር የመጣን የነጋዴ ልጆችም እንደዚያው እንጠራቸው ነበር። ያኔ መግሪብ ሰግደው ሲጨርሱ በራፋቸው ላይ ፋኖስ ያንጠለጥላሉ፣ ሻይ የተጣደበትን ከሰል እፍ ይላሉ፣ እኛም ጭሱ ዓይናችንን እያስለቀሰን እንከባቸዋለን። «ሼኮ፣ ሼኮ» (ተረት፣ ተረት እንደማለት ነው) ሲሉን «ሼኮ ሐሪር» ብለን በአንድ ድምፅ ካልመለስን አይጀምሩም።

ተረቱ አላህን ፍለጋ ግመሉን ጭኖ ስለወጣ ሰውዬ ነው። ሰውዬው አንድ ጉድጓድ ጋ ሲደርስ አንዲት አሮጊት ውሃ ቅዳልኝ ብላ ትለምነዋለች። ልክ እዚህ ላይ የግቢው በር ይንኳኳል። በሰፈሩ መኪና ያላቸው እሳቸው ብቻ ስለነበሩ፣ ምጥ የያዛትም ልጁ ያተኮሰበትም እሳቸው ዘንድ ነው የሚሮጠው። ፒካፗ ደግሞ ባትሪዋ የሞተ፣ ካልገፏት የማትነሳ መከረኛ ነበረች። እናም ተረታችንን ጥለን መኪና ገፊ እንሆናለን፤ ያ ሰውዬ ከጉድጓዱ አፍ ሳይነቃነቅ ክረምትና በጋ ተፈራረቀበት።

«አዴር፣ መጨረሻውን ብቻ ይንገሩን» ብዬ ስነጫነጭ፣ «ዝም ብለሽ ግፊ» ይሉኛል።

አባቴ ሲገፋ አይቼው አላውቅም ነበር። ጨርቅ ነጋዴ ነው፤ ጸሎተኛ ነው። ሱቁን ከዘጋ በኋላ ዳዊቱን ይዞ ክፍሉን ከቆለፈ፣ ሰማይ ቢወድቅ አይከፍትም። «ከእግዚአብሔር ጋር ሳለሁ አትጥሩኝ» ይለን ነበር።

አንድ ምሽት እናቴን ያለ ቀኗ ምጥ ያዛት፤ ደምም ፈሰሳት። ከመስጊድ የሚመለሱት የሰፈሩ ወንዶች ሽርጣቸውን ሰብሰብ አድርገው ፒካፗ ኋላ ተደረደሩ። አባቴ ግን ክፍሉን ቆልፎ ቅዱስ ሥዕሉ ሥር ተደፍቶ ያለቅሳል። አዴር ዩሱፍ በሩን ደበደቡት።

«ታደሰ፣ ምን እያደረግህ ነው?»

«እየጸለይኩ ነው፣ አዴር።»

«እየገፋህ ጸልይ። እዚያም ይሰማሃል።»

አባቴ በባዶ እግሩ ወጣ። ገፋን፤ ሞተሩ አስሎ ጠፋ። እንደገና ገፋን፤ ጠፋ። ከንዴቴ ብዛት ጎማዋን በእርግጫ መታሁት። በስንት መከራ ተነሳች። እናቴም ተረፈች፣ ወንድሜም ተረፈ።

እናቴ ከሐኪም ቤት ከተመለሰች በኋላ አባቴ ሊያመሰግን መጥቶ ከእኛ ጋር ተቀመጠ። ዛሬስ እንጨርሳለን አልኩ። ጉድጓዱ ጋ ስንደርስ በሩ ተንኳኳ። እሪ ልል ምንም አልቀረኝም። አባቴ ግን የሻይ ብርጭቆውን አስቀምጦ ከሁላችንም ቀድሞ ተነሳ፤ የታመመው ማን እንደሆነ እንኳ አልጠየቀም።

አዴር ዩሱፍ ተረቱን ሳይጨርሱልኝ አረፉ፤ ይህን ይቅር ለማለት ዓመታት ፈጅቶብኛል። ከዚያ ወዲህ ስለ እግዚአብሔር ብዙ ስብከት ሰምቻለሁ፤ አብዛኛው ጠፍቶብኛል። አባቴ ሊያመሰግን የመጣበት ያ ምሽት ግን ቀርቶልኛል። ፒካፗን ገፍቶ ላብ በላብ ሆኖ ቤት ገባ፣ ዳዊቱን አነሳ፤ የሚጠራው ቢኖር እንዲሰማ፣ በሩን ሳይዘጋ መጸለይ ጀመረ።